የሃይታው ጨው

እናቴ ጨው ተወች፣ የደም ግፊቷ ግን አልወርድ አለ። ይህን ያህል ያናደደኝ ነገር በዕድሜዬ ጥቂት ነው። እኔ ሶዶ ከተማ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ጨው ሰውነት ውስጥ ምን እንደሚሠራ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እየሣልኩ አስረዳለሁ። ስኳር ድንች ቆርጬ ጨዋማ ውሃ ውስጥ እጨምርና ሲለሰልስ ተማሪዎቼ በእጃቸው እየነኩ እንዲያዩት አደርጋለሁ። ውሃ ጨው ወደበዛበት ይሄዳል፤ ነገሩ ይኸው ነው። ይህን ለሰው ልጅ ሁሉ የማስተምር ሴትዮ የገዛ እናቴን ግፊት ማውረድ ሲያቅተኝ እንዴት አልናደድ?

እናቴ የምትኖረው ገሱባ ነው፣ ከከተማዋ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ አባቴ በተከለው የእንሰት ጓሮ ውስጥ። እሱ ካረፈ ወዲህ ብቻዋን ናት። ሶዶ መጥታ ከእኔ ጋር እንድትኖር ለምኜ ለምኜ ታክቶኛል። ትመጣለች፣ ትሰነብታለች፣ ከዚያ ልቧ ይሸፍትና «መኪና ፈልጊልኝ» ትላለች። ያ ኮረኮንች መንገድ ወገቧን እያናጋው እንኳ ፊቷ የሚበራው ወደ ገሱባ ስትሄድ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በጫማ ነው። ለቤተ ክርስቲያን ብዬ የገዛሁላት ጫማ አልገባ አላት። «ጫማው ጠበበ» አለችኝ። ጫማ በሳጥን ውስጥ ተቀምጦ እንዴት ይጠባል? ቁርጭምጭሚቷን በአውራ ጣቴ ተጫንኩት፤ ጣቴን ሳነሳ ጉድጓዱ እዚያው ቀረ። በነጋታው ሶዶ ሐኪም ቤት ወሰድኳት።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ከሌላ አካባቢ የመጣ፣ ትሑት ልጅ። አንድ ክንዷን ለካ፣ ሌላውን ለካ፣ ደምና ሽንት አስመረመረ። ከዚያ ወንበሩን ወደ እኔ ጠጋ አድርጎ ኩላሊቷ መድከም እንደጀመረ ነገረኝ። ገና አልጠፋም፣ ግፊቷ በሚመጡት ወራት ካልወረደ ግን የሚመለስበት መንገድ የለም አለ። መድኃኒት ጻፈ። ወደ እናቴ ዞሮም «እናቴ፣ ምግብ ላይ ጨው በጣም ይቀንሱ» አላት፤ እኔም በወላይትኛ አስተረጎምኩ። እናቴን አዬ ነው የምላት፤ የቤታችን አጠራር ነው። አዬ ራሷን ነቀነቀችና እሺ አለች።

ቤት ስንገባ በራሴ መንገድ ደግሜ አስረዳኋት። ጨው በልኩ ሲሆን ያስፈልጋል፣ ያለ እሱ ነርቭም ጡንቻም አይሠራም። ሲበዛ ግን ውሃ ይዞ ይቀመጣል። የደሙ መጠን ይጨምራል፣ የደም ሥሩ ይወጠራል፣ ልብም ያን ሁሉ ለመግፋት ከአቅሙ በላይ ይሠራል። እንደ ተሸካሚ ክንድ ጡንቻው ይወፍራል፤ መወፈሩ ለክንድ ጥሩ ነው፣ ለልብ ግን ሕመም ነው። ኩላሊት ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ማጣሪያዎችም በግፊቱ ብዛት ጠባሳ ያወጣሉ፣ የሞተው አይተካም። ጨው የበዛበት ሰው ይጠማዋል፣ ለሽንት ሲመላለስ እንቅልፉ ይቆራረጣል። ሰውነቱ ምግብን የሚጠቀምበት ሥርዓትም ይዛባበታል፤ ጠግቦ እንኳ እጁ ወደ መሶቡ ይሄዳል። አዬ ሁሉንም ጸጥ ብላ ሰማችኝና «ይሄን ሁሉ እያወቅሽ ታዲያ ወጥሽ ለምን ጨው ይበዛዋል?» አለችኝ። ቀመስኩት፣ እውነቷን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእኔም ወጥ ጨው ቀነሰ።

ቅዳሜ ገሱባ ሄጄ ጓዳዋን በረበርኩ። የጨው ዕቃውን አወጣሁ። በወረቀት የተጠቀለለችውን የወጥ ማጣፈጫ፣ እሷም ጨው ናትና፣ አወጣኋት። የነበረውን ዳጣ ለሰው ሰጥቼ በምትኩ በርበሬውን፣ ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን ያለ ጨው ፈጨሁላት። ለላሟ የሚሆነውን ጨው ብቻ ተውኩ፣ እሱንም በረት ውስጥ አስቀመጥኩት። አዬ በርጩማዋ ላይ ቁጭ ብላ፣ ፖሊስ ቤቷን እንደሚፈትሽባት ሰው፣ በዓይኗ ብቻ ተከተለችኝ።

ለቀጠሮው ስንመለስ ግፊቷ ያው ነው። ሐኪሙ መድኃኒቱን ጨመረ። እኔም እልህ ያዘኝና እኔ ጋ አስቀመጥኳት። መጀመሪያ ራሴን አመመኝ አለች፣ ቀጥላ ደግሞ «ቤትሽ ሰው የለበትም» እያለች ታማርር ጀመር። ጠዋት ሻዬን ቆሜ ጠጥቼ ወደ ትምህርት ቤት እሮጣለሁ፣ እሷ በረንዳ ላይ የዳሞታን ተራራ ስታይ ትውላለች። ግፊቷ ግን ወረደ። ደረቴን ነፋሁ። ለሥራ ባልደረቦቼ ሳይቀር አወራሁ። ከዚያ ገሱባ ተመለሰች፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ግፊቷ ካረፈበት ተነስቶ ወጣ።

«እናቴ፣ መድኃኒቱን ይወስዳሉ?» አላት ሐኪሙ።

«እወስዳለሁ።»

«ጨውስ?»

«ትቻለሁ።»

ሐኪሙ እኔን አየኝ፣ እኔ እሷን አየኋት። ወጥተን ባጃጅ ውስጥ እንደገባን አላስቻለኝም። «አዬ፣ ደብቀሽ ትበያለሽ» አልኳት። ከወረድን በኋላ ነጠላዋን እያስተካከለች «እኔ ልጅ ነኝ እንዴ ደብቄ የምበላው? እግዚአብሔር ያውቃል» አለች። እግዚአብሔር እንደሚያውቅ አልተጠራጠርኩም፣ እኔም ማወቅ ፈለግሁ እንጂ።

ትምህርት ቤት ለመንፈቀ ዓመቱ ሲዘጋ ልይዛት ሄድኩ። አልዋሽም፣ የሄድኩት እጅ ከፍንጅ ልይዛት ነው። የመጀመሪያው ቀን እራት ቦይና የሚባለው ሥራሥር ተቀቅሎ ከጎመን ጋር ነበር። ቀመስኩት። ጨው የሚባል ነገር አጠገቡ አልደረሰም፤ አፍ ውስጥ ዞሮ ዞሮ መውረጃ የሚያጣ ዓይነት ምግብ ነው። እሷ ግን ያለ ቅሬታ በላች። ያን ጊዜ መዋሸቷን ሳይሆን እውነት መናገሯን ፈራሁ፣ ምክንያቱም ጨው ካልሆነ ኩላሊቱን የሚጎዳው ሌላ የማናውቀው ነገር ነው ማለት ነው።

ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ ጎረቤታችን፣ የአዬ እኩያ የሆኑ ሴት፣ ከአጥሩ ማዶ ተጣሩ። ሃይታ ደርሷል ማለታቸው ነው።

ሃይታ የቡና ቅጠል ነው። በእኛ አገር ፍሬው ገበያ ይወጣል፣ ቅጠሉ ለእኛ ይቀራል። ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከቃሪያና ከጓሮ ቅጠላ ቅጠል ጋር ተወቅጦ፣ ጨው ገብቶበት፣ በትልቅ የሸክላ ማሰሮ ይፈላል። አጎራባች ቤቶች ተራ ገብተው ያፈላሉ፤ ጠዋት ሥራ ሳይጀመር አንድ ጊዜ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደግሞ ሌላ። ባለ ተራዋ በአጥር ትጣራለች፣ ሴቶቹ ይሰበሰባሉ፣ አንዷ አጠር አድርጋ ትጸልያለች፣ ከዚያ ቆሎው ይዞራል፣ ኩባያው ይሞላል። ኩባያሽን በእጅሽ ካልከደንሽ ደግሞ ይሞላል፣ ብትከድኚውም እጅሽን ገፍተው ይሞሉታል።

በልጅነቴ በዚህ ነው ያደግሁት። የዚያን ቀን ግን ከሶዶ ይዤው የመጣሁት ምላስ ሌላ ነበር፤ ለወራት ጨው የቀነሰ ምላስ ነው። የመጀመሪያውን ኩባያ በናፍቆት ጠጣሁት። ሁለተኛው ላይ ከንፈሬን አቃጠለኝ። ቀና ብዬ ሳይ ጎረቤታችን ማሰሮው ላይ ውሃ ጨምረው ለሚመጡት ሌሎች ሴቶች እያጣፈጡ ነው። ከጨው ዕቃው አንድ ጭብጥ አድርገው ጨመሩ፣ በጭልፋ ቀመሱ፣ ፊታቸውን አኮማተሩ፣ ደግሞ ሌላ ጭብጥ ጨመሩ። አዬ አጠገባቸው ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን ዘርግታ፣ እኔ ቤት አይቼው የማላውቀውን ሳቅ እየሳቀች ኩባያዋን አቀበለቻቸው።

ሐኪሙ የጠየቀው ስለ ምግብ ነው፣ አዬም ስለ ምግብ መለሰች። እኛ ዘንድ ሃይታ ምግብ አይደለም። ጠዋቱን ሙሉ ሃይታ ሲጠጣ የቆየ ሰው «በላህ?» ቢባል «ኧረ እህል አልቀመስኩም» ነው የሚለው። መጠጥ ነው ደግሞ እንዳይባል ውሃም ሻይም አይደለም። ሃይታ ጎረቤት ነው። ከሌላ አገር የመጣው ልጅ ይህን ከየት ያውቃል? እኔ የማውቀው ደግሞ ስለማውቀው አልታየኝም፤ ጓዳ ስበረብር፣ የላም ጨው ስደብቅ ከረምኩ። እንዲህ ያለ ስህተት የሚሳካው ለወላይታ ሰው ብቻ ነው ብዬ አምናለሁ።

ቤት ገብተን በሩን እንደዘጋሁ ተናገርኩ። «አዬ፣ ጨውሽን አገኘሁት። ሃይታው ውስጥ ነው።»

ትንሽ አሰበችና «እሱማ አለ» አለች። እንደ ቀላል ነገር።

«መተው አለብሽ።»

«ሃይታ ልተው?»

«ወይም ያለ ጨው ለብቻሽ ይፈላልሽ።»

«ለብቻው የሚፈላለት ሞቱን የሚጠብቅ ሰው ነው» አለችኝ። ከዚያ ቁጭ አድርጋ እኔ የረሳሁትን አስታወሰችኝ። ተራ ሲደርስ መቅረት ቂም መያዝ ነው። ከጎረቤታችን ጋር አንድ ጊዜ ላም እንሰት ውስጥ ገብታ ተጣልተው ነበር፤ ወራት ሳይነጋገሩ ኖረው፣ ሽማግሌ ገብቶ ሲታረቁ መጀመሪያ ያደረጉት ከአንድ ማሰሮ ሃይታ መጠጣት ነው። አሁን ብትቀር ዕርቁ ፈረሰ ይባላል። ሰው ቤት ተቀምጦ «ጨውሽ በዛ» ማለት ደግሞ ነውር ነው። ጨው እንደልብ በማይገኝበት ዘመን እጇ ለጨው የማይሳሳ ሴት ትከበር ነበር፣ ዛሬም ያው ነው።

«ኩላሊትሽ ቢሞትስ?» አልኳት፣ ድምፄ ከፍ ብሎ።

«እነሱ ከሌሉ ኩላሊቱን ለማን ላኖረው ነው?»

ወጥቼ ከእንሰቱ ሥር ቆሜ በንዴት አለቀስኩ። እናቴ በዓይኔ እያየሁ ልትሞትብኝ ነው፣ ምክንያቱ ደግሞ ይሉኝታ ነው። አልቅሼ ስጨርስ ግን ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ያስተማርኩት ተማሪ ሁሉ ወዶ አልገባውም፤ መምህር ተስፋ ከቆረጠ ደመወዙን መመለስ አለበት።

ከሰዓት በኋላ ሃይታው ወደሚፈላበት ቤት ስኳር ድንቼን ይዤ ሄድኩ። ሴቶቹ ፊት ሁለት ሳህን አስቀመጥኩ፤ አንዱ ተራ ውሃ፣ ሌላው ጨው ያለበት። ጥሬ ስኳር ድንች ቆራርጬ ሁለቱም ውስጥ ጨመርኩ፣ እስኪለሰልስ ድረስ ስለ ደም ሥር፣ ስለ ልብ፣ ስለ ኩላሊት ተናገርኩ። በደንብ ነው የተናገርኩት፤ ክፍል ውስጥ ቢሆን ይጨበጨብልኝ ነበር። ሴቶቹም በአክብሮት ሰሙ። ከዚያ ከጨዋማው ውሃ አንዱን ቁራጭ አውጥቼ እያጣጠፍኩ አሳየሁ፣ በእጃቸውም አዞርኩት። ጎረቤታችን ተቀብለው ዳሰሱት።

«ለስልሷል» አሉ። «ለእኔ ጥርስ ይሄኛው ይሻላል፣ ቲቸር። ቀቅይልኝ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አዬ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ? ባለ ተራዋ ኩባያዬን ሞሉልኝ፣ እንደ ወትሮው ጨው በጨው ሆኖ።

ቦርሳዬ ውስጥ ግን ሶዶ ከመድኃኒት ቤት የገዛሁት የግፊት መለኪያ ነበረ፣ ለአዬ ያመጣሁት። ንግግር ካልሠራ መሣሪያ ይሥራ ብዬ አወጣሁት። ይኸኛውን ወደዱት። ክንዳቸውን እየገለጡ ተሰለፉ፣ ጨርቁ ሲነፋ ክንዷን ያጠበቃት ሁሉ ትስቃለች። የአብዛኞቹ ደህና ነው። የአዬ ከፍ ያለ ነው። የጎረቤታችን ሲመጣ ቁጥሩን አይቼ፣ ትንሽ አሳርፌያቸው ደግሜ ለካሁ፣ በሌላኛውም ክንድ ለካሁ። ከአዬ ይብሳል።

«እናቴ፣ የእርስዎ ከፍተኛ ነው። ነገ ጤና ጣቢያ መሄድ አለብዎት» አልኳቸው።

«ማሽንሽ ተበላሽቷል» አሉና እጅጌያቸውን ወረድ አደረጉ። «የእናትሽን ግን በደንብ ነው የለካው። እሷ ትታከም።»

ወደ ቤት ስንመለስ አዬ ከወትሮዋ ቀስ ብላ ተራመደች። የራሷን ቁጥር «ጠዋት ስላናደድሽኝ ነው» ብላ አጣጥላው ነበር። አጥራችን ጋ ስንደርስ ቆመች።

«የእሷ እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«እግሯ ያብጣል። አይቻለሁ። እርጅና ነው ብዬ ነው እንጂ።» «እሷም ኩላሊቷ...?»

«ጨው ካልቀነሰችና ካልታከመች፣ አዎ።»

ሌላ አልጠየቀችኝም። ተራው ሲደርሳት ግን ቅጠሉን ወቅጣ፣ ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን እጥፍ አድርጋ፣ አንዲት ቁንጣሪ ጨው ሳትጨምር አፈላች። በአጥር ተጣራች። ሴቶቹ ተቀምጠው ጸሎቱ እንዳበቃ ከማሰሮው አጠገብ በትንሽ ሳህን ጨው አስቀምጣ፣ ማንኪያ ሰካችበትና «ጨው እዚያ አለ፣ የፈለገ ለራሱ ያድርግ» አለች። ፊቷ የጸና ነበር፣ ማንኪያውን ግን ደግማ ደጋግማ አስተካከለችው። በዚያ ሰፈር ያለ ጨው ለእንግዳ ማቅረብ ማለት ምን እንደሆነ ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም።

አንዷ ኩባያዋን ቀምሳ ወደ ጣሪያው አየች፤ ሌላዋ ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበች። ጎረቤታችን አዬን አዩ፣ ከዚያ ዝቅ ብለው የአዬን ያበጠ እግር አዩ። ሳህኑን ሳይነኩ ኩባያቸውን አንስተው እስከ መጨረሻው ጨለጡት። ፊታቸው ሎሚ እንደነከሰ ሰው ተጨማደደ፣ ቢሆንም «ቅጠሉ ጥሩ ነው» አሉና ባዶውን ኩባያ ዘረጉ። የእሳቸው ተራ ሲደርስ ጨው በሳህን ለብቻው ቀርቦ ነበር።

ሌሎቹ አጉረመረሙ፣ አንዳንዶቹ ማንኪያውን ክምር አድርገው ወሰዱ። ምንም አይደለም። ኩባያ ላይ የሚደረግ ጨው ማሰሮ ላይ ከሚዘገነው ያንሳል፤ ምላስም ሰንበት ሲል ይለምዳል፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የድሮው መጠን ራሱ ጨው ይበዛበታል። ይህን አስቀድሜ ነግሬያቸው ነበር። ያኔ ግን ጥርሳቸውን ነበር ያሰቡት።

ለሚቀጥለው ቀጠሮ አዬ ሶዶ የመጣችው ከጎረቤታችን ጋር ነው። እሳቸው ጤና ጣቢያ ሄደው መድኃኒት ቢጀምሩም ትልቅ ሐኪም ቤት ስለራሳቸው አልሄድም ብለው ነበር፤ አስታማሚ ሆነው ግን መጡ። ውጭ አግዳሚው ላይ አስቀምጠናቸው ገባን። ሐኪሙ ለካ፣ ውጤቱን አገላበጠ፣ እንደገና ለካ። ግፊቷ ወርዷል። ኩላሊቷም እዚያው በነበረበት ቆሟል፣ አልባሰበትም። ለወራት ደረቴ ላይ የነበረው ድንጋይ ወረደልኝ።

«እናቴ፣ ጎበዝ ነዎት። ምን አደረጉ?» አላት።

አዬ በወላይትኛ መለሰች፣ እኔም ሳልጨምር ሳልቀንስ አስተረጎምኩ። «እኔ ደህና ነበርኩ። የታመመችው ጎረቤቴ ናት። ጨው የሌለው ሃይታ ብቻዋን ስትጠጣ ሰው እንዳይታዘባት ብዬ እኔም ተውኩ።»

ሐኪሙ ሳቀ። አዬ ሂሳብ መስኮቱ ጋ ስትቆም እኔ ወደ አግዳሚው ሄድኩ። ጎረቤታችን እጅጌዬን ይዘው ዝቅ አደረጉኝ።

«እናትሽ እንዴት ሆነች?»

«ተሽሏታል። ኩላሊቷም ተርፏል።»

ዓይናቸው እንባ ሞላ፣ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት። ከዚያ አዬ እንዳትሰማ ወደ መስኮቱ ገልመጥ ብለው ጆሮዬ ላይ ተጠጉ። «ያን ልፍስፍስ ነገር የምጠጣው ለጤናዬ እንዳይመስልሽ። እኔ ምንም አልሆንኩም። እሷ ሰው ፊት እንዳታፍር ብዬ ነው። እንዳትነግሪያት።»

በስኳር ድንች፣ በኩላሊት ሥዕልና በመሣሪያ ስደክም የከረምኩት ለራሳቸው ምንም ለማያደርጉ ሰዎች ኖሯል።

«አልነግራትም» አልኳቸው። እስካሁንም አልነገርኳትም።